ከማዕዱ የራቀው ወይን ጠጅ እንዴት ወደ ማዕዱ ተመለሰ
(በሬዲዮ ከተሰማው የታሪክ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የምናነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የጓዳና የማዕድ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ መልካም ስም እንዴት እንደሚገኝ፥ እንዴት እንደሚጠፋና በምን ያህል ድካም እንደሚመለስ የሚያስረዳ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ቢያዳምጡት የሚያስቈጭ አይደለም። ነገሩም በጀርመን አገር በራይንና በሞዜል ወንዞች ዳርቻ ስለሚበቅለው፥ ሪስሊንግ ስለሚባለው የወይን ዘር፥ ከእርሱም ስለሚገኘው ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅና ከዚሁ ጋራ ስለሚስማማው ምግብ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጀርመን ነጭ ወይን ጠጅ ሲነሣ ብዙ ሰው «እርሱማ ጣፋጭ ነው» ብሎ ይፈርዳል። አንዳንዱም ጣፋጭነቱ የጥንት ባሕርዩ፥ ደረቅነቱ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጥንት ስመ ጥር የነበረው አብዛኛው የራይን ወይን ጠጅ ደረቅ ነበር፤ በየገበያው የተዛመተው ርካሽ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ግን የ20ኛው መቶ ዓመት ልጅ ነው። ዛሬም ደረቁ ሲስፋፋ የምናየው አዲስ ነገር ተገኝቶ ሳይሆን፥ የጠፋው ተመልሶ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት «ደረቅ» የሚለውን ቃል እንፍታው። ጀርመኖች «ትሮከን» ይሉታል። መጠጥ እንዴት ይደርቃል? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ሊመልስለት ይችላል። ብርዙ ገና ጥቂት ቀን እንደ ሰነበተ የማሩ ጣዕም ጎልቶ ይሰማል፤ እየሰነበተ በፈላ ቍጥር ግን ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ኀይሉ እየበረታ ይሄዳል። ይኸውም እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ስለሚለውጠው ነው። የወይን ጭማቂም እንዲሁ ነው። እርሾው ስኳሩን ጨርሶ ወይም ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረው፥ ወይን ጠጁ ደረቅ ሆነ ይባላል። በሕጉ መሠረት ደረቅ የሚባለው በአንድ ሊትር ውስጥ ከ4 ግራም የማይበልጥ ስኳር የቀረበት ነው። ኮምጣጣነቱ በቂ ከሆነ ግን፥ ማለት የስኳሩ ልክ ከኮምጣጣው ልክ ከ2 ግራም በላይ ካልበለጠ፥ እስከ 9 ግራም ድረስ ይፈቀድለታል። ሪስሊንግ በተፈጥሮው ኮምጣጣነቱ የጠና ስለ ሆነ፥ ያ ጥቂት ስኳር በምላስ ላይ ጣፋጭ ሆኖ አይሰማም።

ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት እንበል። የራይን ወንዝ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወርድ ነው። በማይንትስ ከተማ አካባቢ ግን የታውኑስ ተራሮች መንገዱን ስለሚዘጉበት ወደ ምዕራብ ይታጠፍና 30 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያው አቅጣጫ ይጓዛል። በዚህም ምክንያት በስተ ቀኝ ያለው ተዳፋት ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይሞቃል፤ ተራራውም ከኋላው ሆኖ የሰሜኑን ነፋስ ይመልስለታል። ይህ ተዳፋት ራይንጋው ይባላል። የሚገኘውም በ50ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ይህን ያህል ወደ ሰሜን በራቀ አገር ወይን ማብሰል ቀላል ነገር አይደለም። በሞዜል ወንዝ ዳርቻ ያለው ተዳፋት ደግሞ እጅግ የቆመ ነው፤ ካልሞንት የሚባለው ገደል በአንዳንድ ስፍራ ወደ 65 ዲግሪ ያዘነብላል። መሬቱም ሰሌዳ መሳይ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሲሆን፥ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለሐረጉ ይመልስለታል። ሠራተኛው ፍሬውን የሚለቅመው እንደ ዝንጀሮ ገደል ለገደል ተንጠላጥሎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ አገር ወይን መትከልን ያስፋፉት ሮማውያን ናቸው። ትሪር የምትባለው የሞዜል ከተማ በዘመናቸው የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በኖይማገን መንደርም በ3ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ፥ ወይን ጠጅ በበርሜል የጫነ መርከብ የሚያሳይ የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል። ከሮማውያን በኋላ ሥራውን የያዙት መነኮሳት ናቸው። በ1136 ዓ.ም. ከፈረንሳይ አገር ከክሌርቮ ገዳም የመጡ የሲስተርሲያን መነኮሳት በራይንጋው የኤበርባኽን ገዳም መሠረቱ። ጫካውን መንጥረው፥ ወይናቸውን በድንጋይ ቅጥር አጥረው፥ ጠጁን በራይን ወንዝ ላይ በጀልባ እየጫኑ እስከ ኮሎኝ ከተማ ይሸጡ ነበር።

የሪስሊንግ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው በ1435 ዓ.ም. ነው። የተገኘውም በቅኔ ወይም በታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጻፈው የወጪ ሒሳብ ላይ ነው። የካትሰኔልንቦገን መስፍን ሒሳብ ያዥ፥ በሩሰልስሃይም ለሚገኘው የጌታው የወይን ቦታ የሪስሊንግ ችግኝ በ22 ሽልንግ መገዛቱን በዚያ ዓመት መዝግቧል። ያ ጸሐፊ የዕለት ሥራውን ከመፈጸም በቀር ለታሪክ እጽፋለሁ ብሎ አላሰበ ይሆናል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የያዘው መዝገብ እነሆ ከ500 ዓመት በላይ አልፎ ምስክር ሆኗል።

ከዚህም በኋላ ሪስሊንግ ክብሩ እየገነነ ሄደ። በ1716 ዓ.ም. የፉልዳ መስፍንና አበምኔት የዮሐንስበርግን ገዳም ገዛ፤ በ1720 ዓ.ም. ጀምሮም ኰረብታውን በብዙ መቶ ሺሕ በሚቈጠር የሪስሊንግ ሐረግ አስተከለው። በ1775 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚተረክ ነገር ደረሰ። መነኮሳቱ ፍሬውን መልቀም የሚችሉት ፈቃድ ከፉልዳ ሲመጣላቸው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ፈቃዱን የያዘው ፈረሰኛ ዘገየ። ፍሬው በሐረጉ ላይ ሳለ ጠወለገ፤ ሻጋታም ያዘው። ተስፋ በቈረጠ ልብ የተለቀመው ይህ ፍሬ ግን ከሁሉ የበለጠ ወይን ጠጅ ሆነ ይባላል። የዘገየው ፈረሰኛ ሐውልት ዛሬ በዚያ ግቢ ቆሞ ይታያል፤ ዘግይቶ መድረሱ ያስመሰገነው መልእክተኛ ምናልባት እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በ1787 ዓ.ም. የትሪሩ ሊቀ ጳጳስና መስፍን ክሌመንስ ቬንሴስላውስ፥ በግዛቱ ያለው መናኛ ሐረግ ተነቅሎ በተሻለ ዘር እንዲተካ ዐዋጅ አወጣ። በ1816 ዓ.ም. የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የዮሐንስበርግን ርስት ለሚኒስትሩ ለሜተርኒኽ ሲሰጠው፥ ከየዓመቱ ፍሬ ለሐፕስቡርግ ቤት አሥራት እንዲያገባ አስገድዶ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የራይን ወይን ጠጅ ከፈረንሳይ ቦርዶ ታላላቅ ወይኖች ጋራ በዋጋ ይወዳደር፥ አንዳንዴም ይበልጥ ነበር። እንግሊዞች ከሆክሃይም ከተማ ስም ቈርጠው «ሆክ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1845 ዓ.ም. ሆክሃይምን ጎበኙ፤ ኋላም አንድ የወይን ቦታ በስማቸው ተሰየመ። ከዘገየው መከር ከሚገኘው ብርቅ ወይን በቀር፥ የዚያን ዘመን ወይን ጠጅ በሞዜል 1000 ሊትር፥ በራይን 1200 ሊትር በሚይዝ ያረጀ የእንጨት በርሜል ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ፥ እርሾው ስኳሩን እስኪጨርስ ይፈላ ነበር። በርሜሉ ያረጀ ስለ ሆነ የእንጨት ጣዕም አያሳድርበትም፤ የሚሰማው የፍሬውና የመሬቱ ጣዕም ብቻ ነበር። የቀረበውም ከምግብ ጋራ ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ስም እንዴት ጠፋ? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ፊሎክሴራ የተባለው ነፍሳት ሐረጉን አጠቃው፤ ቀጥሎ ሁለት የዓለም ጦርነቶች ገበያውንና ሠራተኛውን አጠፉ። ሁለተኛው ምክንያት አዲስ መሣሪያ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እርሾን ሁሉ የሚያስቀር ማጥለያ ተፈለሰፈ። ከዚህ በፊት ስኳር የቀረበት ወይን ጠጅ በጠርሙስ ውስጥ እንደ ገና ፈልቶ ጠርሙሱን ሊሰብረው ይችል ነበር፤ አሁን ግን እርሾው ስለሚወጣ ያልፈላ ጭማቂ ጨምሮ ማጣፈጥና መሸጥ ቀላል ሆነ። መሣሪያው በራሱ ክፉ አልነበረም፤ በእርሱ ተሸሽጎ መናኛውን ወይን በስኳር መሸፈን ግን ተለመደ።

ሦስተኛው ምክንያት የዘር ለውጥ ነው። በ1882 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሄርማን ሙለር በጋይዘንሃይም አዲስ የወይን ዘር አዳቅሎ ነበር። ሙለር ቱርጋው የተባለው ይህ ዘር ቶሎ የሚበስልና ብዙ የሚያፈራ፥ በሜዳም የሚበቅል ስለ ሆነ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፍቶ በስፋት ሪስሊንግን ቀደመው። ገደል ላይ ከመንጠልጠል በሜዳ በመኪና ማረስ የሚቀል መሆኑን ማን ይክዳል?

አራተኛው ምክንያት ሕጉ ራሱ ነው። በ1971 ዓ.ም. የወጣው የወይን ሕግ የወይን ጠጅን ማዕርግ የለካው በዋናነት በጭማቂው ውስጥ ባለው የስኳር መጠን ነበር፤ ቦታው ተዳፋት ይሁን ሜዳ፥ ዘሩም ምን ይሁን ምን ልዩነት አላደረገም። ከዚህም በላይ የአንድን ታዋቂ መንደር ስም ለሰፊ አካባቢ እንዲሰጥ ፈቀደ። ለምሳሌ ፒስፖርት የሚባለው የሞዜል መንደር «ጎልትትረፕሽን» በሚባለው ተዳፋቱ የታወቀ ነው፤ በሕጉ መሠረት ግን ከሌሎች መንደሮች ሜዳ የተለቀመ ወይን «ፒስፖርተር ሚኸልስበርግ» ተብሎ ሊሸጥ ቻለ። ሁለቱን ስሞች ለይቶ የሚያውቅ ገዢ ስንት ነው? «ሊብፍራውሚልኽ» የሚለው ስምም እንዲሁ ሆነ። በመጀመሪያ በቮርምስ ከተማ የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ከከበበው ትንሽ የወይን ቦታ ለሚገኘው ጠጅ ብቻ የተሰጠ ስም ነበር፤ በመጨረሻ ግን ከሰፊ አገር ለተሰበሰበ ርካሽ ጣፋጭ ድብልቅ መጠሪያ ሆነ። የዓለም ገዢም የጀርመንን ወይን ሁሉ በዚህ ለካው።

የዚህ ሁሉ ውጤት ምን ሆነ? ወይን ጠጁ ከማዕዱ ራቀ። ጣፋጭ መጠጥ ከዓሣና ከሥጋ ጋራ አይሄድምና፥ በጀርመን አገር እንኳ ታላላቅ ምግብ ቤቶች ለእንግዶቻቸው የፈረንሳይንና የኢጣሊያን ወይን ያቀርቡ ጀመር። ባለ አገሩ በገዛ አገሩ ማዕድ ላይ ባዕድ ሆነ ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በኦስትሪያ አንዳንድ ነጋዴዎች ወይናቸውን ለማወፈርና ለማጣፈጥ ዲኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ኬሚካል መጨመራቸው ተገለጠ። በጀርመን የታሸገ አንዳንድ ወይን ጠጅም ከዚሁ ጋራ ተደባልቆ በመገኘቱ፥ በጣፋጩ ወይን ላይ የነበረው እምነት ይበልጥ ተናጋ።

መልካሙ ነገር ግን፥ ይህ ከመሆኑ በፊትም የነቁ ሰዎች ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በራይንጋው ጥቂት ባለ ርስቶች «ካርታ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ መካከል የፎልራትስ ባለ ርስት የነበሩት ኮንት ኤርቫይን ማቱሽካ ግራይፈንክላውና የሩደስሃይሙ በርንሃርድ ብሮየር ይገኙበታል። ዓላማቸው ከምግብ ጋራ የሚስማማ፥ ስኳሩ ያነሰ ሪስሊንግ ማቅረብ ነበር። ኮንት ማቱሽካም በአዳራሻቸው ግብዣ እያዘጋጁ፥ ለእያንዳንዱ ምግብ የሚስማማውን ሪስሊንግ አጠገቡ እያቀረቡ ለእንግዶቻቸው ያስቀምሱ ነበር። ክርክራቸውን በጽሑፍ ሳይሆን በሳሕንና በብርጭቆ አደረጉት ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ ዓመታት ሪስሊንግ በስፋት እንደ ገና የመጀመሪያውን ስፍራ ያዘ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የታላላቅ ባለ ርስቶች ማኅበር ከተመረጡ ቦታዎች ብቻ የተለቀመ፥ በእጅ የተለቀመና ፈጽሞ ደረቅ የሆነ ወይን «ግሮሰስ ጌቬክስ» በሚል ስም ለይቶ ማውጣት ጀመረ። በ2021 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግም ከስኳር ይልቅ ለትውልድ ቦታው ክብር ሰጥቷል። የአየሩ ሙቀት መጨመርም ፍሬው በደንብ እንዲበስል ስላደረገ፥ ደረቁን ማዘጋጀት ከቀድሞው ቀሏል። ዛሬ በጀርመን ከሚዘጋጀው ወይን ጠጅ ግማሽ ያህሉ ደረቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ማዕዱ እንቅረብ። ደረቅ ሪስሊንግ ከምግብ ጋራ የሚስማማበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ኮምጣጣነቱ በቅቤና በስብ ላይ እንደ ሎሚ ጠብታ ስለሚሠራ አፍን ያጠራል። ሁለተኛ፥ እንደ ቀይ ወይን ምላስን የሚያደርቅ ምሬት ወይም ከአዲስ በርሜል የሚመጣ የእንጨት ጣዕም ስለሌለው፥ ለስላሳውን ምግብ አይጫነውም። ሦስተኛ፥ ስኳር ስለሌለው የምግብ ፍላጎትን አይዘጋም።

ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የወንዝ ዓሣ ነው። ጀርመኖች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ኮምጣጤ በገባበት ውሃ ቀቅለው ቆዳው ሰማያዊ መልክ ሲይዝ፥ ከቀለጠ ቅቤና ከድንች ጋራ ያቀርቡታል። የቅቤውን ክብደት የሚያቃልለው የወይኑ ኮምጣጣነት ነው። በጸደይ ወራት ደግሞ የነጭ አስፓራጉስ ጊዜ ይመጣል። ይህ አትክልት ፀሐይ እንዳያየው በተቈለለ አፈር ውስጥ ስለሚያድግ መልኩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ እስከ ሰኔ 24 ቀን፥ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ በዓል ድረስ ብቻ ይቈረጣል። ከቀይ ወይን ጋራ ቢበሉት አፍ ይመርራል፤ ከለዘብተኛ ደረቅ ሪስሊንግ ጋራ ግን ይስማማል። እርግጥ በፍራንክን አውራጃ ያሉ ሰዎች ለዚህ ምግብ ሲልቫነር የሚባለው የራሳቸው ወይን ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም መሠረት የሌለው አይደለም። በፍራንክፈርት ከተማ ከጸሎተ ኀሙስ ጀምሮ የሚበላው ከሰባት ዐይነት ቅጠላ ቅጠል የሚዘጋጀው አረንጓዴ ማባያም፥ ከተቀቀለ እንቍላልና ድንች ጋራ ሲቀርብ ደረቁን ሪስሊንግ ይወደዋል።

በእኛ አገር ልማድ የማይበላ ቢሆንም፥ በዚያ አገር የዐሣማ ሥጋ ከኮመጠጠ ጥቅል ጐመን ጋራ የተለመደ ምግብ ነው፤ የሥጋው ስብ የሚጠይቀውን ስለት የሚሰጠውም ይኸው ወይን ነው። የጀርመን መራሔ መንግሥት የነበሩት ሄልሙት ኮል የፋልትስ አውራጃ ተወላጅ ስለ ነበሩ፥ የአገራቸውን የዐሣማ ጨጓራ ቅቅል በዳይደስሃይም ከተማ ለውጭ አገር መሪዎች ያቀርቡ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ከነዚህ እንግዶች አንዷ ነበሩ። ከራይን ማዶ ያሉት የአልዛስ ሰዎችም ዶሮን በሪስሊንግና በክሬም ይቀቅላሉ፤ የተቀቀለበትንም ወይን አጠገቡ ይጠጡታል።

የማይስማማውን ማወቅም ያስፈልጋል። ከኬክና ከጣፋጭ ምግብ ጋራ ሲቀርብ ደረቁ ወይን እንደ ኮምጣጤ ይሆናል። የተጠበሰ የበሬ ሥጋም ከጥቍር ማባያው ጋራ ይውጠዋል። በርበሬ ከበዛበት ምግብ ጋራም አይመከርም፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋልና። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለዶሮ ወጥ የጀርመን ወይን ቢመርጡ፥ ጥቂት ስኳር የቀረበት ይሻላቸዋል። ለሁሉም ቦታ አለው፤ ጣፋጩም ቢሆን በእውነተኛ ስሙ ሲጠራ ነውር የለበትም። ደረቁ የሚቀርበው በ10 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነው፤ እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይሸሸጋል።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት በወይን ቦታ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ እንደ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙን ያከበረው ከሥሩ ያለው እውነት ነው። የራይን መነኮሳትና ገበሬዎች በብዙ መቶ ዓመታት የገነቡትን ስም፥ ስኳርና አሳሳች ስም በአንድ ትውልድ ዕድሜ አረከሱት። ያስመለሱትም ሰዎች አዲስ ስም አልፈለጉም፤ አሮጌው ስም የሚናገረውን ነገር እንደ ገና በጠርሙሱ ውስጥ ጨመሩበት እንጂ። በ1435 ዓ.ም. 22 ሽልንጉን በትክክል የመዘገበው ጸሐፊም፥ ከስድስት መቶ ዓመት ግድም በኋላ የሚታመነው የጻፈው ነገር እውነት ስለ ነበረ ነው። መዝገብ የምንይዝና ማኅተም የምናሳርፍ ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው።